ጽዋው ዛቢነ ቤት ቀረ

ከደብረ ታቦር በወጣሁበት ዋዜማ የማርያም ማኅበራችን እትዬ ዘነቡ ቤት ተሰብስቦ ነበር። ከመጀመሪያው ላስረዳችሁ። እትዬ ዘነቡ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው፤ ትርንጎ ከገሳይ ከተማ የምትመጣ ነርስ ናት፤ እኔ የጤና ኮሌጅ መምህር ነበርኩ። እኛና ሌሎች ጥቂት ሴቶች በየግላችን አራስ ቤት እየተጠራን ጡት ማጥባትን እናግዛለን። ሥራው ብቸኝነት አለበት። ለልጁ ቅቤ ካላላስኩ፣ እንገሩም ካልተደፋ የምትል አማት ፊት ብቻሽን ትቆሚያለሽ፤ ሕፃኑ ካልጠባ ጥፋቱ ያንቺ ነው። ስለዚህ በወር በወሩ፣ በሃያ አንድ፣ በጠላና በድፎ ዳቦ እየተገናኘን የከበደንን እናወራለን። አንዷ ስታለቅስ ሌላዋ «እኔም ገጥሞኛል» ትላለች። ጥቅሙ ይኸው ነው።

የዚያን ዕለት ጽዋውን ተረካቢዋ እኔ ነበርኩ። በማኅበር ሥርዓት ጽዋውን ወደ ቤቱ የወሰደ ሰው የሚቀጥለው ወር ደጋሽ ነው፤ ሌላ አስታዋሽ አያስፈልገውም። ባለቤቴ ካሰል በምትባል የጀርመን ከተማ እየጠበቀኝ ስለነበር ጽዋውን ለትርንጎ ላሳልፍ ስል እትዬ ዘነቡ ከለከሉኝ።

«ውሰጂው። በሄድሽበትም አራስ አይጠፋም። እዚያው ደግሺ፤ እኛ ሌላ እንገዛለን።»

ሲነጋ ሚኒባሱ ወደ ወረታ ሲወርድ ጽዋው በነጠላ ተጠቅልሎ ጭኔ ላይ ነበር።

የጉና ብርድ ፀሐይ ስትወጣ ይሸሻል። የካሰል ብርድ ግን ፀሐይ ወጥታም አብሯት ይውላል። ቋንቋውን ተምሬ፣ ፈተናውን አልፌ፣ ሽቲልበራተሪን የሚሏት የማጥባት አማካሪ ሆንኩ፤ እንደ አገር ቤቱ በግሌ። እዚህ ቅቤ ይዛ የምትጠብቅ አማት የለችም። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። ኋላ ሳየው አራሷ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን ናት፤ ገንፎ የሚያገነፋላት፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ የሚላት የለም። አማካሪዋም ደረጃውን ብቻዋን ወርዳ ትሄዳለች።

በከተማዋ በግል የሚሠሩ ሦስት ሴቶች ፈልጌ ቤቴ ጠራኋቸው። አከራዬ ሄር ክሩገር ይህን ሰምተው ደረጃው ላይ አቆሙኝ።

«ስብሰባው ስለ ምንድን ነው?»

«ስለ እናት ጡት ወተት።»

«በኪራይ ውሉ የወተት ንግድ አልተፈቀደም።»

«ወተቱ እናቶቹ ዘንድ ነው ያለው፣ ሄር ክሩገር። እዚህ የሚመጣው ወሬው ነው።»

ትንሽ አሰቡ። «ወሬውም ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ክልክል ነው» አሉኝ።

ሴቶቹ መጡ፤ ሁሉም የየራሳቸውን ውሃ በጠርሙስ ይዘው። መጀመሪያ ደንበኛ እንደሚሻማ ነጋዴ ተያዩ። የጋገርኩትን ዳቦ ከቆረስን በኋላ ግን ዛቢነ የምትባለው፣ የትርንጎ እኩያ የምትሆን፣ ኪሎ አልጨምር ስላለ ሕፃን ነገረችን። ወላጆቹ እሷን ወቀሱ፤ እንቅልፍ አጣች። ሌላዋ እጇን ያዘችና «እኔም ገጥሞኛል» አለቻት። ደብረ ታቦር የተመለስኩ መሰለኝ። ሲወጡ ጽዋውን ለዛቢነ ሰጠኋት። አቅፋ ስማኝ ሄደች።

ሁሉን ማስረዳት የምወደው እኔ የጽዋውን ሥርዓት ብቻ ሳላስረዳ ቀረሁ። ለእኛ ጽዋ የወሰደን ሰው ተራህ ነው ማለት ነውር ነው። ወሩ አለፈ፤ የሚቀጥለውም። ጠሪ የለም። ንቀውኝ ይሆናል አልኩ፤ ዳቦዬ ከብዷቸው ይሆናል አልኩ። ልደውል ስል ይሉኝታ ያዘኝ፤ ድግስ መለመን መሰለኝ።

ክረምታቸው ሲወጣ ዛቢነን ሽትራሰንባን በሚሉት የከተማ ባቡር ውስጥ አገኘኋት። የማጥባት ሥራውን ትታ መድኃኒት ቤት ተቀጥራለች።

«ብቻዬን አልቻልኩትም» አለችኝ። «እንደዚያ ምሽት እንደገና ትጠሪናለሽ ብዬ ስጠብቅ ነበር። ስጦታሽ መስኮቴ ላይ ነው፤ አበባ ተክዬበታለሁ።»

ስጦታ አይደለም ልላት አፌን ከፈትኩ። ከእንግዲህ ምን ያደርግላታል?

«አበባው ጸደቀ?» አልኳት።

«ጸድቋል» አለችና ወረደች።

በሃያ አንድ እትዬ ዘነቡ ደወሉልኝ። ከኋላቸው የሴቶቹ ሳቅ ይሰማል፤ ትርንጎ ፈረንጆቹ ጠላ ለመዱ ወይ እያለች ትቀልዳለች።

«ጽዋው ማን ቤት ነው፣ ልጄ?»

«ዛቢነ የምትባል ልጅ ቤት።»

«እሰይ። ተረኛዋ እሷ ናታ።»

«እሷ ናት፣ እትዬ።»

«በይ፣ ስትደግስ እንዳትቀሪባት» አሉኝ።