አረፋ የወረደበት እሑድ

«ቆርቆሮው ሲዘፍን ልቤን ያባብላል፣
እምም… እምም… እምም… ይላል።»

ግሌኒስ ታራንት ከዚህ ዘፈን የምታስታውሰው ይህንኑ ብቻ ነው። አባቷ በግ ሸላች ነበር፤ ከሥራ ሲመለስ ክንዱን በሳፋ እያጠበ ያዜመው ነበር። እሷም መካከሉን በ«እምም» እየሞላች ሃምሳ ዓመት አንጎራጎረችው።

የዚያን እሑድ ጠዋት ግን እሷ ስታንጎራጉር ቆርቆሮው እውነትም ይዘፍን ጀመር።

ከሁለት ዓመት ድርቅ በኋላ ዝናብ መጣ። የመጣው ግን ግድቡ ካለበት ተራራ ላይ ሳይሆን ከከተማችን አናት ላይ ነው። ድሮ ቢሆን እንዲህ ያለ ዝናብ ጣራችንንና መንገዳችንን አጥቦ፣ በቦይ ወርዶ፣ በወንዙ እልም ይል ነበር። አሁን ከከተማው ግርጌ ግሌኒስና ፓምፖቿ አሉ። ግድቡ ውስጥ የቀረው ውኃ ከፋሲካ አያሻግረንም፤ የእሷ ሥራ ያንን የመንገድ ጎርፍ ወደ ማቆሪያ ኩሬ መሳብ ነው። ከዚያ ተጣርቶ ወደ ግድቡ ይሄዳል።

ሕጉ ጥብቅ ነው። ወንዙ ውስጥ የተተከለው ግንድ ላይ ቀይ ምልክት አለ። ከምልክቱ በላይ የሞላው የከተማው ነው፤ ከምልክቱ በታች ያለው የታችኞቹ ገበሬዎች ድርሻ ነው። ስለዚህ ያላት ጊዜ ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። በዚያ ላይ የመጀመሪያው ጎርፍ የመኪና ዘይትና የጎማ ትቢያ ይዞ ስለሚወርድ እንዲያልፍ ይለቀቃል።

ለቀቀችው። ግማሽ ሰዓት ጠበቀች። ጥቁሩ ውኃ ቡናማ ሆነ። እጇን ወደ ማስነሻው ስትሰድ፣ ከድልድዩ ሥር አንድ ነጭ ነገር ተንሳፎ መጣ፤ አሁን የተሸለተ የበግ ፀጉር ይመስላል። ከኋላው ሌላ። ከዚያ መንጋው።

በማርማላታ ብርጭቆ ቀድታ ነቀነቀችው። አረፋው አልከስም አለ። አሸተተችው፤ ሎሚ ሎሚ ይላል።

«የመኪና ሳሙና!»

ነገሩ ወዲያው ገባት። ሁለት ዓመት ሙሉ መኪና በቱቦ ማጠብ ክልክል ነበር። በከተማችን አቧራ የጠጣ መኪና የጨዋ ሰው ምልክት ሆኖ፣ መኪናው የሚያብረቀርቅ ሰው እንደ ሌባ ነበር የሚታየው። ታዲያ ሰማይ ራሱ ሲያፈስ ማን ይከለክላል?

እየበረረች ቼሪ ጎዳና ደረሰች። ከዳር እስከ ዳር ሰው ሁሉ በቁምጣ፣ በዝናቡ ውስጥ፣ እየሳቀ መኪናውን ይፈትጋል። ጎረቤቷ ሜርቭ፣ ጡረተኛው የባቡር ነጂ፣ እስከ ክርኑ አረፋ ሆኗል።

«ሜርቭ! ጣል ያንን ሰፍነግ!»

«ግሌን፣ ወዳጄ! የተከለከለው ቱቦ ነው፤ ሰማዩንም አገዳችሁት?»

«ሳሙናው ወዴት የሚሄድ ይመስልሃል?»

«ወደ ቦዩ ነዋ።»

«ቦዩስ?»

«ወደ ወንዙ…»

«ወንዙ ወደ እኔ! ከእኔ ወደ ግድቡ፣ ከግድቡ ወደ ማንቆርቆሪያህ! ሻይ በሎሚ አማረህ እንዴ?»

ሜርቭ ሰፍነጉን አየ፤ ቦዩን አየ። ፓምፖቹ ሲመረቁ ከፊት ቆሞ ያጨበጨበ ሰው ነው። ግን ዕድሜውን ሙሉ የመንገድ ጎርፍ የማንም ያልሆነ ውኃ ነበር፤ ልማድ ከጭብጨባ ይበረታል።

«አይ እኔ ሽማግሌ» አለ። «በገዛ ጽዋዬ እግሬን ታጠብኩ።»

«ኀዘኑን ተወውና ጮኸህ ለሌሎቹ ንገርልኝ። እኔን ወንዙ አይጠብቀኝም።»

ሜርቭ ሳሙናውን ሣሩ ላይ ደፋና ባልዲውን እንደ ከበሮ እየደለቀ ሽቅብ ገሰገሰ። «ሳሙና አቁሙ! የነገ ሻያችሁ ነው! ሶፊ፣ አንቺም የመኪናሽ ግማሹ ይበቃሻል፤ ባልሽንስ ቢሆን መቼ ጨርሰሽ አጥበሽው ታውቂያለሽ!» ሳቅ ፈነዳ፤ ባልዲዎች ሣር ላይ ተገለበጡ። መንገዱ ዳር ግማሽ ጎናቸው ሙሽራ፣ ግማሽ ጎናቸው አፈር የሆነ መኪናዎች ተደርድረው ቀሩ።

ግሌኒስ ስትመለስ ዝናቡ ሳስቷል። ውኃው ከቀዩ ምልክት አንድ ክንድ ይበልጣል። ቀዳች፤ አረፋ። ቆይታ ቀዳች፤ አረፋ፣ ግን ቀጭን። ወንዙ አንድ ስንዝር ጎደለ። ይህን ያህል የለመንነው ዝናብ በእጃችን ሊያልፍ ነው? በስተመጨረሻ ብርጭቆው ውስጥ ጭቃ ብቻ ተሽከረከረ፤ ንጹሕ፣ የአገሯ ቀይ ጭቃ።

ፓምፖቹን አስነሳች። መሬቱ ከእግሯ ሥር ተርገበገበ፤ የጣራችን ውኃ እየዘለለ ኩሬው ገባ። ከሦስት ሰዓት በኋላ ቀዩ ምልክት ብቅ ሲል ፓምፖቹን በገዛ እጇ አጠፋች። የቀረው የገበሬዎቹ ነው።

ያኔ ሜርቭ የተሸፈነ ሳህን ይዞ መጣ።

«ስንት ያዝሽ?»

«ለከተማው የአሥራ አንድ ቀን የመጠጥ ውኃ።»

«አረፋው ባይኖርስ?»

«አሥራ አራት።»

አንገቱን ደፋ። «በሚቀጥለው ዝናብ ጎዳናውን የምጠብቀው እኔ ነኝ። ሳሙና የነካ፣ ሚስቴም ብትሆን አልምራትም።»

«በሚቀጥለው?» አለች ግሌኒስ፤ ወደ ምዕራብ ስታይ ሌላ ደመና ጠቁሮ ተነሥቷል። ፈገግ አለች።

«በይ እንኪ፣ ሚስቴ ናት የላከችልሽ፤ የበግ ጥብስ ከዱባ ጋር። ቆመሽ ልትመሺ ነው እንዴ? ቁጭ በይና ብዪ!»

ግሌኒስ ከንጋት ጀምሮ ጉልበቷን እንዳላጠፈች ያን ጊዜ ታወቃት። የፓምፕ ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀመጠች፣ ሳህኑን ጭኗ ላይ አሳረፈች፣ ከዱባውም ቆርሳ ጎረሰች።