ጠማማ የተባለው በር

ሰፈሩ «ጋሽ ቱምቢ» ይላቸዋል። አናጢ ናቸው፤ ከአናጢም በር ሠሪ። ሌላው ቱምቢ የሚባለውን ባለ ክር ክብደት አንጠልጥሎ የሚለካውን እሳቸው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አይተው «ወደ ግራ አዘንብሏል» ካሉ፣ አዘንብሏል። ተጠራጥሮ የለካ ሁሉ አፍሮ ተመልሷል። ይህን የመሰለ ዓይን ነው እንግዲህ በስተርጅና ለውሸት ያዋሉት።

ነገሩ የመጣው ከእግራቸው ነው። ሜዳ ላይ እንደ ልባቸው የሚራመዱት ሰውዬ በር አጠገብ ሲደርሱ እግራቸው ወለሉ ላይ በሙጫ የተለጠፈ ይመስል ቀጥ ብሎ ይቆማል። ጭንቅላት «ግባ» ይላል፣ እግር «አልሰማሁም» ይላል። ፓርኪንሰን እንደሆነ ተነግሯቸዋል። ለቤተሰቡ ያወሩት ግን ስለ እጃቸው መንቀጥቀጥ ብቻ ነው። እጅ ቢንቀጠቀጥ ዕድሜ ነው ይባላል። «በር ሠሪው በር መግባት አቃተው» ከሚባል ግን መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው ይመርጣሉ።

ስለዚህ መላ ዘየዱ። እግራቸው በተያዘ ቁጥር እጃቸውን ወደ መቃኑ ይሰዳሉ። እንጨቱን ይዳብሳሉ፣ አንድ ዓይን ይጨፍናሉ፣ ከንፈር ይመጥጣሉ። ማጠፊያው ዘይት ጠምቶታል ይላሉ፣ ቀለሙ ተልጧል ይላሉ። ያየ ሰው ሙያቸው አላስቀምጥ ያላቸው ይመስለዋል። በዚህ መሀል እግሩ ይለቃቸውና ይገባሉ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኸው ነው።

በዚህ ቢበቃ ደግ ነበር። የልጃቸው ባል ገና ጎረምሳ ሳለ እሳቸው እጅ ላይ ሙያ የተማረ አናጢ ነው። የራሱን ቤት ሠርቶ ሲጨርስ ዘመድና ጎረቤት ሊያይለት ተሰበሰበ፤ ሥራ ሊሰጡት ያሰቡ ሰዎችም አብረው መጥተዋል። ጋሽ ቱምቢ ታላቅ ናቸውና ቀድመው እንዲገቡ ተደረገ። ደፉ ላይ ሲደርሱ እግራቸው ተያዘ። እጃቸው መቃኑን ያዘ። ዘይቱንም ቀለሙንም ብለው ጨረሱ፤ እግሩ ግን የዛሬን አልለቅም አለ። ከኋላቸው ሰዉ ተደርድሯል። አንዱ «ምነው፣ ችግር አለው እንዴ?» ሲል ጠየቀ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። «ጠማማ ነው» አሉ።

ወዲያው እግራቸው ለቀቃቸውና ገቡ። አማቻቸው አንገቱን ደፍቶ ቀረ። በሩ ግን ከተማሪዎቻቸው እጅ ከወጣው ሁሉ የሚበልጥ ነበር፤ ይህንን ከሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። ያን ዕለት የቀረበላቸውን ምግብ ሁሉ እንደ ሰጋቱራ አላመጡት።

በሌላ ጊዜ ሲመጡ በሩ እንደገና ተልጓል። እግራቸው ግን ያው ነው፤ ቆሙ፣ ከንፈር መጠጡ። ቀጥሎ ማጠፊያው ተቀየረ። በመጨረሻ መቃኑ ከነሥሩ ተነቅሎ አዲስ ገባ። ልጃቸው አንድ ቀን ለብቻ ይዛቸው «አባዬ፣ እንቅልፍ ነሳኸው እኮ። አሁንስ ምን ቀረው?» ብትላቸው የግድግዳውን ቀለም ሲያዩ ቆዩ። የዚያን ጊዜ ቢናገሩ ይቀል ነበር፤ አልቻሉም።

ሚስጥሩን የነገሩት ለማያውቁት ሰው ነው። ሐኪም ቤት፣ የሕሙማን እግር ለምን ድንገት እንደሚያዝ የምታጠና ወጣት ሐኪም ነበረች። የአንጎል ምስል ይነሱ አለቻቸው፤ ለቤት «ለእጄ ነው» ብለው ሄዱ። ከጠባቡ የምስል ማንሻ ማሽን ውስጥ አስተኝታ ራሳቸውን በትራስ ግራና ቀኝ ደግፋ፣ እንዳይነቃነቁ አስጠነቀቀቻቸው። ከእግራቸው ሥር መርገጫ አለ፤ ከዓይናቸው በላይ ባለው መስታወት ረጅም ኮሪደር ይታያል። መርገጫውን ሲረግጡ በኮሪደሩ የሚራመዱ ይመስላቸዋል።

ሰፊ በር መጣ፤ አለፉት። ጠባብ በር መጣ፤ ተጋድመው ሳለ እንኳ እግራቸው ቀጥ አለ። ልማድ ሆኖባቸው አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ እንከን ፈለጉ። የለም። በሩ ሥዕል ነው፣ መስመሩ የተሰመረው በኮምፒውተር ነው። የሚያሙት አናጢ አጡ። ማሽኑ ጆሯቸው ላይ ቆርቆሮ እንደሚመታ ሰው ይቀጠቅጣል፤ እሳቸው ያለቅሳሉ። እንዳይነቃነቁ ተነግሯቸዋልና እንባቸውን አልጠረጉም።

ሐኪሟ በኋላ አስረዳቻቸው። ጡንቻቸው ደህና ነው፤ በሩ ሲጠብ ግን እርምጃን የሚያዙት የአንጎል ክፍሎች መግባባት ያቅታቸዋል፤ ለምን እንደሆነ ገና እየተጠና ነው። እሳቸው የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «በሩ ግን ቀጥ ያለ ነበር አይደል?» ቀልድ መስሏት ሳቀች።

ከዚያ በቀጥታ ልጃቸው ቤት ሄዱ። አዲሱ በር ላይ ሲደርሱ እግራቸው ተያዘ። እጃቸው ወደ መቃኑ ሊሄድ ሲል በሌላው እጃቸው ያዙት። አማቻቸው ውሃ ልኩን ይዞ ከውስጥ ወጣ፤ ሲመጡ መያዝ ለምዶበታል።

«አሁንም ጠማማ ነው፣ ጋሼ?»

«በሩ ምንም የለውም» አሉ። «የመጀመሪያውም ምንም አልነበረውም። እግሬ ነው ልጄ። በር ላይ ስደርስ ይይዘኛል። ሰው እንዳያውቅብኝ አፍሬ ዋሸሁ፤ ባንተ ሥራ ላይ ዋሸሁ።»

አማቻቸው የያዘውን ውሃ ልክ አገላብጦ አየው። ተቆጥቶ ቢሆን በቀለላቸው ነበር።

«የመጀመሪያውን ለክቼው ነበር» አለ በመጨረሻ። «ውሃ ልኩ ቀጥ ነው አለኝ። እርስዎ ጠማማ ሲሉ ጊዜ፣ የተበላሸው ውሃ ልኩ ነው ብዬ ጣልኩት። ይሄ አዲስ ነው።»

ጋሽ ቱምቢ ያን ጊዜ እግሬ አውጪኝ ብለው በሸሹ ነበር። እግራቸው ግን ገና አልለቀቃቸውም። እዚያው ደፉ ላይ ቆመው ያስተማሩትን ልጅ ፊት ማየት ግድ ሆነባቸው።