ያጠፋሁት ባትሪ

እስከ ዛሬ ምንም ጽፌ አላውቅም። የተማርኩትም ዳባት እያለሁ እስከ ስድስተኛ ክፍል ብቻ ነው። ይህን የምጽፈው ከሦስት ዓመት በፊት ደባርቅ ያደረግሁት ነገር ብቻዬን ስሆን እንኳ ፊቴን ስለሚያስሸፍነኝ ነው።

ያኔ የምኖረው እህቴ ቤት ነበር። ባሏን ጋሼ ነው የምለው፤ ሠርግ በቪዲዮ ይቀርጻል። የቀረጸውን ሁሉ የሚያስቀምጥበት፣ ቀንም ሌሊትም የማይዘጋ ኮምፒዩተር ሳሎኑ ጥግ ነበረው። ሰርቨር ይለዋል። መብራት ቶሎ ቶሎ ስለሚጠፋ ከሥሩ አንድ ከባድ ጥቁር ባትሪ አስቀምጦለታል። መብራት ሲሄድ ባትሪው ኮምፒዩተሩን ለጥቂት ደቂቃ ይይዘዋል፤ ግን ጢጥ ጢጥ እያለ ይጮኻል።

"ሲጮኽ ሩጠሽ ጥሪኝ" ብሎኛል። "ቁልፉን ግን እንዳትነኪ። ኮምፒዩተሩ በሥርዓት ሳይዘጋ ባትሪው ከጠፋ ጉድ ነው የምንሆነው።"

ክረምቱ ሲገባ ጎረቤታችን አያ ደሴ በድንገት አረፉ። ልጃቸውን ከዳሩ ገና ጥቂት ወራቸው ነበር። ሠርጉን የቀረጸው ጋሼ ነው። ፊልሙን ሲያስተካክል ከኋላው ቆሜ አይቻለሁ። አያ ደሴ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ሲጨፍሩ አንድ ጫማቸው ወልቆ በረረ። እሳቸው ግን አላቆሙም። ጋሼ "እኝህን ሰውዬ ማን ይችላቸዋል!" እያለ ሳቀ።

በተቀበሩ ማግስት ባለቤታቸው እትዬ ማሬ "ያንን ፊልም አሳየኝ" ብለው ለመኑት። ጋሼ በሲዲ ሊያወጣላቸው ኮምፒዩተሩን ሥራ አስጀምሮ፣ ወንበር ሊደረድር ለቅሶው ድንኳን ገባ። ወዲያው መብራት ጠፋ። ባትሪው መጮኽ ጀመረ።

ድንኳኑ ከግድግዳችን ጋር የተጣበቀ ነው። ለቅሶ ባለበት ሰፈር ሬዲዮ እንኳ አይከፈትም። አንዲት ሴት በመስኮት ብቅ ብላ "ኧረ እናንተ ሰዎች! ሠርግ ቤት መሰላችሁ? ነውር አይደለም?" አለችኝ።

ጋሼ ጩኸቱ በማይሰማበት በድንኳኑ ማዶ ጫፍ ነበር፤ እሱን ለመጥራት በተቀመጡት ወንዶች መሃል ማለፍ ነበረብኝ። እስከ ድንኳኑ አፍ ሄድኩ። ሁሉም ቀና ብለው አዩኝ። ተመለስኩ። ባትሪውን በብርድ ልብስ ሸፈንኩት፤ አሁንም ይሰማል። ቁልፉን ተጫንኩት። ዝም አለ።

መብራት ሲመጣ ኮምፒዩተሩ አልነሳም አለ። ጋሼ ጎንደር ድረስ ወስዶ አሳየው፤ የዚያ ሠርግ ፊልም ግን አልተገኘም።

"ባትሪው ጮኾ ነበር?" ሲለኝ "አልጮኸም፣ በራሱ ነው የጠፋው" አልኩት።

እትዬ ማሬ ዘንድ ሄዶ አንገቱን ደፍቶ ይቅርታ ጠየቀ። "መብራቱ ነው እንጂ አንተ ምን ታደርግ" ሲሉት እኔ በር ላይ ቆሜ እሰማለሁ።

አርባቸው እስኪወጣ ዝም አልኩ። በማግስቱ እትዬ ማሬን ብቻቸውን ምስር ሲለቅሙ አገኘኋቸውና እያለቀስኩ ሁሉንም ነገርኳቸው። ለጋሼ የተናዘዝኩት ከዚያ በኋላ ነው። እሱ ተቆጣኝ፤ ቁጣውን ዛሬ ረስቼዋለሁ። እትዬ ማሬ ያሉኝን ግን አልረሳውም። ቢራገሙኝ ይሻለኝ ነበር።

ምስሩን ወደ ጎን አደረጉና እንዲህ አሉኝ፦ "እኔ የሠርጉ ለት ከጓዳ አልወጣሁም። ጨፈረ ሲሉ ነው የሰማሁት። አንቺ አይተሽዋል። በይ ተቀመጪና ንገሪኝ።"