የታዲዎስ ዕድሜ ምስክሮች

በካዛንቺስ የጤና ቡድን ውስጥ ታዲዎስን «ጋሼ» ብሎ የጠራ ሰው ይቀጣል። ቅጣቱ አንድ እሽግ ውሃ ነው። ደንቡን ያወጣው ራሱ ታዲዎስ ነው። አዲስ የመጣ ተጫዋች ሳያውቅ አፉን ባዳለጠው ቁጥር ሜዳው በሳቅ ይናጋል። «በቃ ተበላህ! ሂድ ውሃ አምጣ!» ይላል ታዲዎስ፣ ከሁሉም በላይ እየሳቀ።

እውነትም ያየው ሰው ጋሼ ለማለት አፉ አይደፍርም። ወገቡ ቀጥ ያለ ነው፣ ቱታና ስኒከር ከላዩ አይወርድም፣ ፀጉሩ ጥቁር ነው። የጥቁረቱን ምስጢር የሚያውቀው ትራሱ ብቻ ነው። በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ከሥራ ሲመለስ በሩን ዘግቶ፣ የላስቲክ ጓንት አጥልቆ ቀለሙን ይቀባል። የቀረውን ቀለም ትራሱ እንዳይጠጣው አሮጌ ፎጣ ያነጥፍበታል። ፎጣውን ደግሞ ሰው እንዳያይበት አጥቦ የሚያሰጣው ውጭ ሳይሆን ቤት ውስጥ፣ አልጋው ራስጌ ላይ ነው።

የዕድሜው ነገር የተበላሸው እንዲህ ነው። ሃያ ሦስት ዓመት ሲሞላው የአንድ ፋብሪካ ተስፋ ቡድን ከአሥራ ሰባት ዓመት በታች ተጫዋች ይፈልግ ነበር። አሰልጣኙ አገላብጦ አየውና «ፊትህ ልጅ ነው፤ አሥራ ስድስት በል» አለው። አለ። መታወቂያውም በዚያው ወጣ። ያኔ ለኳስ ብሎ ዕድሜ ያልቀነሰ ማን ነበር? ሌሎቹ ግን ኳሱን ሲያቆሙ ዕድሜያቸውን መልሰው ወሰዱ። ታዲዎስ በሁለተኛው ዓመት ጉልበቱን ተመትቶ ኳሱ ቢቀርበትም ዕድሜውን ሳይወስድ ቀረ።

ከዚያ ወዲያ በሰባት ዓመት የሚያንስ ሰው የሚኖረውን ኑሮ ኖረ። የእጅ ታፔላ ጻፊ ነበር። ኮምፒውተር መጥቶ የሙያ ጓደኞቹ ብሩሻቸውን ሲሰቅሉ፣ እሱ ከአሥራ ስምንት ዓመት ልጆች መሃል ተቀምጦ ዲዛይን ተማረ። አሁን ሜክሲኮ አካባቢ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ባነር ይሠራል። ጥሬ ሥጋ አይበላም፣ ጠዋት ነጭ ሽንኩርት ያኝካል፣ ክፍሉ ውስጥ ገመድ ይዘላል። የእኩዮቹ ሰርግና ሽምግልና አይሆንለትም፤ «እኔ መች ደረስኩና!» ይላል። ያገባት ሴት «ልጅ እንውለድ» ስትለው «ገና ልጆች ነን» እያለ አሥር ዓመት አቆያት። በአሥራ አንደኛው ሄደች።

ካዛንቺስ ሲፈርስ ደግሞ የቀረውም ሰው ተበተነ። አንዱ ገላን፣ አንዱ ዘመድ ጋ፣ አንዱ የት እንደገባ የማይታወቅ። ታዲዎስ ቂርቆስ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከአፉ የሚወጣው «ስንት በስንት ይሁን?» እና «ነገ ይደርሳል» ብቻ የሚሆንበት ሳምንት አለ። የሚቀልድበት፣ የሚሰደብበት፣ ስሙ የሚጠራበት ቀን እሁድ ጠዋት ነው። ቡድኑ ከሠላሳ ሰው ወደ አሥራ አራት ቢወርድም፣ እሁድ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት አንድ የትምህርት ቤት ሜዳ የነሱ ነበር።

አንድ እሁድ ከጨዋታ በኋላ አምበሉ ሙሐሲን ሁሉንም ሰበሰበ። ሙሐሲን የሠላሳ አምስት ዓመት ሰው ነው፤ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል።

«ስሙኝማ፣ ሜዳውን የሚያከፋፍለው ኮሚቴ አዲስ ደንብ አውጥቷል» አለ። «ጤና ቡድን ነን ካላችሁ፣ ከሃምሳ አምስት ዓመት በላይ የሆኑ ሁለት ሰዎች ሜዳ ላይ ይኑሩ ነው የሚለው። አንዱ በረኛችን አሉላ ነው። ሁለተኛውን እስከ ሐሙስ ካላስመዘገብን ሰዓታችን ለሌላ ቡድን ይሰጣል።»

«አባቴን ላምጣ?» አለ አንዱ። «ከዘራው እንደ ቋሚ ብረት ያገለግላል።»

«አትቀልድ። ሰዓቱ ሄደ ማለት ቡድኑ ሄደ ማለት ነው። በቃ። ሜዳ ከሌለ ከገላን ድረስ ማን ይመጣል?» ሙሐሲን ዞር አለ። «ታዲ፣ አንተ የድሮ ሰፈር ሰው ታውቃለህ አይደል? አንድ ደህና ሽማግሌ ፈልግልን።»

«እፈልጋለሁ» አለ ታዲዎስ። ሳቀም።

ማታውን ግን እራት አልበላም። ዝም ካለ እሁድ ይሄዳል። ከተናገረ እሁድ ይቀራል፤ የሚሄደው ታዲ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያስቀርበት መንገድ ፈልጎ ፈልጎ አጣ።

ሰኞ ሙሐሲን ሱቅ ሄደ።

«ሽማግሌ አገኘሁ።»

«አላህ ይስጥህ! ማን?»

«እኔ።»

ሙሐሲን ከሳቁ ብዛት መደርደሪያውን ተደገፈ። ሳቁን ሲጨርስ ታዲዎስ አብሮት እንዳልሳቀ አየ።

«ወላሂ በል።»

«ስድሳ ሞልቶኛል።»

«እንዴ፣ አባቴ እኮ ስድሳ አንድ ናቸው! ማለቴ... እና እስካሁን እኛ እንደዚህ ስንገፈትርዎ—»

«አንቱታም ያው ነው፤ ውሃ ትገዛለህ» አለ ታዲዎስ። በዚህ ጊዜ ግን ሁለቱም አልሳቁም።

ሙሐሲን መታወቂያውን ተቀብሎ አየ። ሃምሳ ሦስት ይላል። ኮሚቴው ጋ ደወለ። ወረቀቱ የማይገልጽ ከሆነ፣ አብረውት ያደጉ ሁለት ሰዎች መታወቂያቸውን ይዘው ቀርበው ይመስክሩ የሚል መልስ መጣ።

አብረውት ያደጉ! ታዲዎስ በጣቱ ቆጠረ። ይኼኛው ሞቷል። ያኛው ሞቷል። ያኛው ስልኩ አይሠራም። በመጨረሻ የቀሩት ሁለት ሰዎች ነበሩ፦ የድሮው እድር ዳኛ ደጉ እና በአንድ ግቢ አብራው ያደገችው ገበያነሽ። ከደጉ ጋር ካወሩ ቆይተዋል። ተጣልተው አይደለም፤ እንዲያው ሲተያዩ ታዲዎስ ቸኩሎ ስለሚያልፍ ነው።

ረቡዕ ቂርቆስ ውስጥ የአንዲት የድሮ ጎረቤት ሠልስት ነበር። ታዲዎስ ልቅሶ ቤት ሲሄድ ልማዱ ከወጣቶቹ ጋር ድንኳን መትከልና አግዳሚ ማመላለስ ነው። የዚያን ቀን ግን ገብቶ ሽማግሌዎቹ መሃል፣ ደጉ አጠገብ ተቀመጠ። ገበያነሽ ንፍሮ ይዛ ስትዞር አይታው ቆመች።

«ኧረ ታዲ ተቀመጠ! አሞሃል እንዴ?»

«ወጣቶቹ በጓሮ በኩል ናቸው» አለ ደጉ፣ ፊቱን ሳያዞር። «አግዳሚ እየጠበቀህ ነው።»

«ደጉ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ ነው።»

«ደጉ? ጋሼስ የት ሄደ?»

ታዲዎስ አቀረቀረ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሁሉንም ነገረው፤ ደንቡን፣ ሐሙስን፣ ምስክሩን። ደጉ ንፍሮውን አንድ በአንድ እየቆረጠመ ሰማ።

«እኔ የማውቀው ታዲዎስ እኩያዬ ነበር» አለ በመጨረሻ። «እሱን ካየሁት ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። ትዝ ይልሃል፣ ስታዲየም በር ላይ ከነዚያ የተስፋ ቡድን ልጆች ጋር ቆመህ? ሰላም ልልህ ስመጣ ‹ተዋወቁት፣ ጋሼ ደጉ ይባላል፣ የሰፈራችን ታላቅ› አልክ። አንተ እኮ በሦስት ወር ትበልጠኛለህ!»

ገበያነሽ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ልቅሶ ቤት ነውና።

«ቀልድ መስሎኝ አብሬ ሳቅኩ» አለ ደጉ። «በሳምንቱም ጋሼ። በዓመቱም ጋሼ። ለመሆኑ ያቺን ሰባት ዓመት ስትቀንስ፣ የራስህን ብቻ የቀነስክ መሰለህ? እናትህ እኔንና አንተን በአንድ ሳፋ ነው ያጠቡን። ፊደል አብረን ቆጠርን። የቄሱን ቆብ ሰርቀን አብረን ተገረፍን። አንተ ያን ጊዜ አልተወለድኩም ካልክ፣ እኔ ከማን ጋር ነበርኩ?»

ታዲዎስ ብዙ ነገር ሊል አሰበ፤ ስለ አሰልጣኙ፣ ስለ ጉልበቱ። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ደጉ፣ ያለኝ እሁድ ብቻ ነው።»

ደጉ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞር ብሎ አየው። ፀጉሩን አየ፣ ቱታውን አየ።

«ሐሙስ ስንት ሰዓት ነው?» አለ።

ሐሙስ ሁለቱም መጡ። ደጉ ከገላን ሁለት መኪና ቀይሮ ነው የመጣው። የኮሚቴው ጸሐፊ «ከመቼ ጀምሮ ያውቋቸዋል?» ሲል ጠየቀ።

«ከተወለድኩ ጀምሮ» አለ ደጉ። «ስመጣ ቀድሞኝ ነው ያገኘሁት።»

«እኔ ስድሳ አንድ ነኝ፤ ጻፈው፣ አላፍርበትም» አለች ገበያነሽ ሳትጠየቅ። «እሱን አዝዬ አላውቅም እንጂ ሱሪውን አስታጥቄዋለሁ።»

ፈረሙ። ቅጹ ላይ ከታዲዎስ ስም ትይዩ ‹60› ተብሎ ተጻፈ።

እሁድ ሜዳ ሲደርስ ሁሉም ሰምቷል። «እንደምን አደሩ ጋሼ ታዲ» አሉት፣ አንድ በአንድ፣ በሁለት እጃቸው እየጨበጡ። ውሃ የተቀጣ የለም። ከመስመሩ ዳር ወንበር ተቀምጦለታል፤ «ጋሼ ሲደክማቸው ይረፉበት» ተብሎ ነው። ልጆቹ ክፉ አልነበሩም። ክፉ ቢሆኑ ይሻለው ነበር።

ጨዋታው ተጀመረ። ኳስ ወደ እሱ ስትመጣ እንደ እንቁላል ቀስ ብላ ተንከባላ ነው። ድሮ በትከሻቸው የሚያወድቁት ልጆች ሲቀርባቸው እጃቸውን ወደ ኋላ ያደርጋሉ። በሰላሳኛው ደቂቃ ሦስት ሰው አታሎ አለፈ። ለአፍታ ደስ አለው። ከዚያ ግን ዞር ሲል ሦስቱም በቆሙበት ፈገግ ብለው ሲያዩት አገኛቸው። አላለፋቸውም፤ አሳልፈውታል።

«ግቡብኝ እንጂ!» ብሎ ጮኸ።

«እሺ ጋሼ» አሉ በትህትና።

አንድ ለአንድ አቻ ወጡ። ሰዓቱም ለዓመት ጸና፤ ቡድኑ ተረፈ። ሲበተኑ፣ ወትሮ ኋላ ወንበር ላይ አምስት ሆነው እየተዛዘሉ በሚሄዱባት መኪና ሙሐሲን የፊተኛውን በር ከፈተለት።

«እዚህ ይመቾታል፤ ይግቡ።»

«እናንተ ሂዱ፣ በእግሬ ትንሽ ልንቀሳቀስ» አለ።

የኋላ ወንበር ላይ የተጠቀጠቁት ልጆች በአንድ ነገር ሲሳሳቁ እየተሰማ መኪናዋ ዞረች። ታዲዎስ ታኬታውን በላስቲክ አንጠልጥሎ ወደ ለገሃር ወረደ። ክፍሉ ገብቶ ምን እንደሚያደርግ አሰበ፤ ምንም አልመጣለትም። ስልኩን አውጥቶ ደወለ።

«አሸነፋችሁ?» አለ ደጉ።

«አቻ ነን።»

«አንተስ? ሮጥክ?»

«ሮጥኩ። ማንም አልነካኝም።»

«እንግዲህ ሽማግሌነት ማለት ይኸው ነው» አለ ደጉ። «እኔንም የነካኝ የለም፤ ሰንብቷል። ቁርስ በልተሃል?»

«አልበላሁም።»

«ና በላ። ትናንት የሠራሁት ሽሮ አለ። ጨው በዝቶበታል፤ እንዳትሳደብ።»

«ቤትህን አላውቀውም እኮ።»

«መች መጥተህ ታውቀዋለህ! ከባስ ስትወርድ ደውል፤ ወጥቼ መንገድ ላይ እቆማለሁ።»

ታዲዎስ የገላን ባስ ከየት እንደሚነሳ አንዲት የሎሚ ነጋዴ ጠየቀ። ማዶ አሳየችው። ወረፋው እስከ ጥጉ ድረስ ዞሯል። ከመጨረሻው ሰው ኋላ ሄዶ ቆመ።