የጳጉሜ ልጆች

ቅዳሜ ቅዳሜ ከየቡ ከተማ በሚኒባስ መጥቶ ኪቶ ፉርዲሳ ሰፈር ካለው ኢንተርኔት ቤቴ የጥግ ወንበር ይይዛል። የጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ሠራተኛ ነው፤ የሸሚዙ ኪስ በእስክሪብቶ ቀለም ተበላሽቷል። በሁለት ጣቱ ነው የሚጽፈው። ታካሚዎችን የሚመዘግብበት የኮምፒውተር ፕሮግራም በነፃ የሚሰጥ፣ የፈለገ ሰው ሁሉ የሚያርመው ነው፤ ጳጉሜ የሚባል ወር ግን አያውቅም። እሱ አርሞ ይልካል፤ ባሕር ማዶ ያሉት የፕሮግራሙ አዘጋጆች እንከን አውጥተው ይመልሱበታል። ሦስት ጊዜ መለሱበት። እኔ ብሆን በመጀመሪያው እተወው ነበር።

ዛሬ የመጣለትን መልእክት ከፍቶ ወደ እኔ ዞረ። «አቦ፣ ዓይኔን አላመንኩትም፤ ተቀበሉት ነው የሚለው?»

«ተቀብለውታል።»

«አልሐምዱሊላህ!» በመታጠፍ ብዛት የሳሳ ወረቀት ከኪሱ አወጣ፤ የሕፃናት ስም ዝርዝር ነው። «ጳጉሜ ተወልደው ነሐሴ ሠላሳ ብዬ የመዘገብኳቸው ናቸው። ሰኞ ወደየልደት ቀናቸው እመልሳቸዋለሁ።»