በዓይን የተቆረጠ ቀሚስ

ልብስ ሰፊዋ አንድ ቀን እንኳ ቤቷ ብቻዋን ለመዋል ስትመኝ ኖራ፣ ቀኑ ሲመጣላት የምታደርገው ጠፋት። ሁለት ሳምንት በእንግድነት የሰነበተችው ታናሽ እህቷ ዛሬ ጠዋት ሄደች። ብቻዋን ብትሄድ ደግ ነበር፤ እናታቸውን ይዛ ነው የሄደችው። «ለአንድ ወር ብቻ» ብላ ጀምራ፣ ሻንጣው መኪና ላይ ሲጫን ደግሞ «ከተስማማት እዚያው እኔ ጋ ትቀራለች» አለች። እናትየው እሺም እምቢም አላሉም። የልብስ ሰፊዋን አንጀት ሲያቃጥለው ያረፈደው ያ ዝምታቸው ነው።

የስፌት መኪናዋን ሳትነካ አንሶላ መግፈፍ ጀመረች። እህቷ የተኛችበትን ፍራሽ ግድግዳ ላይ አስደግፋ፣ የበደላት ይመስል በጥፊ በጥፊ እያለች አራገፈችው። ስምንት ዓመት ሙሉ እናቷን ሐኪም ቤት ያመላለሰች እሷ፣ የመድኃኒት ሰዓት የጠበቀች እሷ፤ ያቺ ግን ሁለት ሳምንት መጥታ የቤቱ ጌጥ ሆና አረፈችው። እናትየው ለትልቋ ሲሆን ወጋቸው ወገቤን፣ ጉልበቴን ነው። ለታናሿ ሲሆን ጨዋታው ከየት እንደሚመጣላቸው እንጃ። በየቀኑ ከምሳ በኋላ ሁለቱ በረንዳ ላይ ሲንከተከቱ፣ እሷ እንዳትሰማቸው የስፌት መኪናዋን አጥብቃ ትረግጥ ነበር። በአርባ ዘጠኝ ዓመቷ እንደ ሕፃን ቀናች፤ ይህንንም ከራሷ አልሸሸገችም።

የእናቷን ቁም ሳጥን ስትከፍት ባሰባት። በቅርቡ የሰፋችላቸው ሰማያዊ ቀሚስ እንደተሰቀለ ቀርቷል። እናትየው ለብሰው የሄዱት እህቷ ከሱቅ የገዛችላቸውን፣ ጫፉ እንኳ በወጉ ያልተቀመቀመውን ነው። ሙሽሮች ወረፋ ለሚይዙላት ሴት ከዚህ የባሰ ንቀት የለም። ፈትታ ለሌላ ሰው ላድርገው ብላ መቀስ አነሳችና ቀሚሱን ገለበጠችው።

ከውስጥ በኩል ትከሻው ላይ ሁለት፣ ወገቡ ላይ አራት መርፌ ቁልፍ ተሰክቷል። ትርፉ ጨርቅ ከላይ እንዳይታወቅ ተደርጎ ታጥፏል። ሌላውን ቀሚስ ገለበጠች፤ እሱም እንዲሁ። ሦስተኛውም።

ደንበኛ ቢሆን፣ ትናንት የለካችውንም ሰው ዛሬ ሳትለካ ጨርቅ አትቆርጥም፤ የምትታወቀውም በዚህ ነው። እናቷን ግን ለክታ አታውቅም። «የእናቴን ልክ ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ» እያለች ሰው ፊት ትኮራበታለች። ለካስ የምታውቀው የዛሬ ስምንት ዓመቷን እናቷን ኖሯል። እናትየው በልጃቸው ዓይን ፊት ሲከሱ፣ ትከሻቸው ሲወርድ፣ እሷ ክርና መርፌ ላይ ነበረች።

ስልኳን አንስታ ደወለች። እህቷ ምሳ ለመብላት መንገድ ላይ እንደቆሙ ነግራት፣ «እትዬ፣ ምነው ድምፅሽ?» አለቻት። ልብስ ሰፊዋ «እማዬን አቅርቢልኝ» አለቻት።

«እማዬ፣ ቀሚሱ ትልቅ እንደሆነብሽ ለምን አልነገርሽኝም?»

እናትየው፣ ሰው ፊት የምትኮሪበትን ነገር እንዴት ላሳጣሽ ብዬ ነው አሉ።

«እሷስ ልክሽን በምን አወቀች?»

«እሷማ ጠየቀችኝ።»

ልብስ ሰፊዋ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። ቅናቱ አልለቀቃትም፤ እንዲያውም አሁን ነው አጥብቆ የያዛት። በሳቁም በጨዋታውም ሳይሆን በዚያች በአንዲት ጥያቄ ቀናች። እሷ ጠይቃ አታውቅም። ሐኪሙ ምንዎን ነው የሚያምዎት ሲላቸው እንኳ ቀድማ የምትመልስላቸው እሷ ናት። አሁንም «በወሩ መጥቼ እወስድሻለሁ» ልትል አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው።

«እማዬ፣ የት መኖር ነው የምትፈልጊው?»

ያነሳችውን መቀስ አልጋው ላይ አስቀመጠች።

«እስከ ዛሬ የጠየቀኝ ስለሌለ አላሰብኩበትም» አሉ እናትየው። «እህትሽም አልጠየቀችኝ። እስቲ ላስብበት፤ ግን አታስቸኩዪኝ።»

«እሺ፣ አላስቸኩልሽም» አለች ልብስ ሰፊዋ፤ ስልኩን ግን አልዘጋችውም።