አባባ በጆሯቸው ያበጁት ሞተር

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከአዳማ የወጣሁት አሰላ ላሉት አባቴ፣ ለእኔ የተዉልኝን የገዛ ሞተራቸውን ላሰማቸው ነው። አባባ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሞተር ሳይክል ሲጠግኑ ኖረው፣ ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ጋራዣቸውን ዘግተው በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። ስደውል «ደህና ነኝ» ይሉና ስልኩን ለእማዬ ያቀብላሉ። እሳቸው ደውለውልኝ አያውቁም። ከዓይናቸው ይልቅ ዝምታቸው አስፈራኝ።

ሞተሩ ከእኔ በአምስት ዓመት ይበልጣል። ሁለት ሲሊንደር፣ ቤንዚንን ከአየር የሚቀላቅል ሁለት ካርቡሬተር አለው። ሁለት ካርቡሬተር እንደ ጥማድ በሬ ነው፤ አንዱ ከለገመ ሌላውም አያርስም። አዳማ ጋራዥ ካለው ጓደኛዬ ከከማል ጋር ሳምንቱን ሙሉ ስናጥበው፣ ስንነፋው፣ የአየሩን ብሎን ስንከፍትና ስንዘጋ ሰነበትን። ዓርብ ከሰዓት ድምፁ ገጠመ።

«አሁን አባትህ ቢሰሙት እንከን አያወጡለትም» አለኝ ከማል። እኔም ደረቴን ነፋሁ።

መልካሳ፣ አንድ ሰዓት ተኩል

እስከ አዋሽ ድልድይ ድረስ ዘፈን አልቀረኝም። ዴራ ላይ ለአባባ ፓፓያ ገዛሁ። ሻጯ ሦስቱን በመቶ ሃምሳ ብር ሰጥታኝ፣ የሞተሩን እርጅና ስታይ ግን አዘነችልኝ መሰለኝ አራተኛ መረቀችልኝ።

ኢተያ፣ ሦስት ሰዓት

ከዴራ በኋላ መንገዱ ሽቅብ ነው። ሙቀቱ ቀረ፣ ጃኬቴን ዘጋሁ፣ ግራና ቀኙ የስንዴ ማሳ ሆነ። ሞተሩም አኮረፈ። ነዳጅ ስሰጠው ይንተፋተፋል፣ በማርሚታው ጥቁር ጭስ ይተፋል። ኢተያ መግቢያ ላይ አቁሜ እሳት ሰጪዎቹን ካንዴላዎች ብፈታቸው ከሰል መስለዋል።

«አካም ጅርታ?» ብላ በኦሮምኛ ሰላም አለችኝ መንገድ ዳር ሻይ የምታፈላ ሴት፣ ሞተሩን እያየች። «ምነው፣ ሽማግሌህን ብርድ መታው?»

«አዳማ ደህና ነበር።»

«ቆላ የለመደ ደጋ ሲወጣ እንዲያ ነው» ብላ ሳቀች። ቀልዷን ነው ብዬ ሻይዬን ጠጣሁ፤ ካንዴላዎቹን ጠርጌም መንገድ ቀጠልኩ።

አሰላ፣ አምስት ሰዓት

ግቢያችን የደረስኩት በኀፍረት ነው። ያ ሁሉ ልፋት፣ ያ ሁሉ ጉራ፣ ሞተሩ ግን እያሳለ ገባ። አባባ ጋቢያቸውን ደርበው በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ላጠፋው እጄን ስሰድ ጮኹ።

«አታጥፋው!»

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ አባባ።»

«ወዓለይኩም ሰላም። ይኼን ማነው ያሰከረው? ቤንዚን ግቶታል እኮ!»

«እኔና ከማል ነን። አዳማ አስተካክለነው ነበር።»

«አዳማ!» ብለው ሳቁ። ሳቃቸውን ከሰማሁ ዓመት ሳይሞላ አይቀርም። «የኔ ልጅ፣ አሰላ ከፍታ ነው፣ አየሩም ስስ ነው። ለአዳማ አየር የሰፈርክለትን ቤንዚን እዚህ በምን አየር ያቃጥለው? ካቻቢቴዬን አምጡልኝ!»

እማዬ ሮጣ ገባች። ካቻቢቴውን በጨርቅ ጠቅልላ አልጋ ሥር አስቀምጣው ኖሯል።

አባባ እየዳበሱ መጥተው ከሞተሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። የክንድ ርዝመት ያላት የላስቲክ ቱቦ አስመጥተው፣ አንዱን ጫፍ ከግራው ካርቡሬተር አፍ፣ ሌላውን ከጆሯቸው አስጠጉ። አተነፋፈሱን አዳመጡ። ከዚያ ቀኙን አዳመጡ።

«ግራው ይጎትታል፣ ቀኙ ይለግማል» አሉ።

ሩብ ዙር አዞሩ፣ አዳመጡ። ከሩብ ያነሰ አዞሩ፣ እንደገና አዳመጡ። ጣቶቻቸው ብሎኑን አንዴም አልሳቱም። እኔም ዓይኔን ጨፍኜ አዳመጥኩ፤ ሁለቱ ትንፋሾች ቀስ በቀስ አንድ ሆኑ። አለቀስኩ።

«ምነው?» አሉኝ አፍንጫዬን ስስብ ሰምተው።

«ጭሱ ነው፣ አባባ።»

«አሁንማ ጭስ የለውም» አሉኝ።

አዳማ፣ እሑድ ዘጠኝ ሰዓት

ሞተሩ ቁልቁለቱን እንደ ልጅ ወረደው። ዴራን ሳልፍ ግን ቆላው መልሶ ያዘው፤ ይደናቀፍ፣ በካርቡሬተሩ በኩል ያስነጥስ ጀመር። እንደምንም ከማል ጋራዥ ደረስኩ። በመንገዴ ሁሉ የማስበው አንድ ነገር ነው። ሞተሩን ያለ እንከን አድርሼላቸው ቢሆን ኖሮ አባባ «ጥሩ ነው» ብለው እዚያው በረንዳቸው ላይ ይቀሩ ነበር። ያስነሳቸው የእኛ ስሕተት ነው።

ልደውልላቸው ስልኬን ሳወጣ እሱ ቀድሞ ጮኸ።

«አዳማ ገባህ?» አሉኝ አባባ።

«ገባሁ።»

«አሁን ደግሞ ቤንዚን ርቦታል። አስነሳውና ስልኩን አስጠጋው። ከማል ካቻቢቴ ይያዝ።»

ከማል ያዘ። «የሁለቱንም አየር ትንሽ ዝጋ» ይላሉ ከአሰላ። «በዛ። ግራውን መልስ። እዚያው ተወው!» ሞተሩ ልኩን አገኘ። አሁን ስልኩን ለእማዬ ያቀብላሉ ብዬ ጠበቅኩ። አላቀበሉም።

«እሺ» አሉ አባባ፣ «ሌላስ የሚያስቸግራችሁ ሞተር የለም?»

ከማል ጥግ የቆመውን የደንበኛ ሞተር ወደ ስልኩ እየገፋ አመጣው።